ለሲኒማ የተነገረ መርዶ

በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ጽሕፈት ብዙም አልሆነልኝ፣ የቄስ ትምህርቱን ሳልጨርስ ነው የተውሁት። ይህን ግን ሳልናገር መሞት አልፈልግም። አንዱ ተነሥቶ «ታላቄ መክሮኝ ሰው ሆንሁ» ሲል በሰማሁ ቁጥር ተነሥቼ እወጣለሁ።

ቀበሌያችን ከደባርቅ ወዲህ፣ ከመኪና መንገዱ ዳር ናት። ሲኒማ የሚሠሩ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው ድንኳን ተከሉ። አለቃቸው በዚህ ሥራ ያረጀ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው፤ አማርኛ ይሰማል፣ ይናገራል። ከሱ ሥር ሆኖ የሚማረው ሰሎሞን የሚሉት ልጅ ግን የኛው ነው፣ የጎንደር ቁስቋም ልጅ። እኔ ዕቃቸውን በበቅሎ እጭን ነበር።

ሰሎሞን መጀመሪያ ሸጋ ልጅ ነበር። ቤታችን ገብቶ ይበላል፣ እናቴን «እማ» ይላታል። ሲኒማው ልጇ ጦር ሜዳ ስለሞተባት እናት ነውና እሷ ትሁንልን አሉ። ለሰሎሞን ብላ እሺ አለች። አልቅሺ ሲሏት ግን ሳቋ ይመጣል። «ያልሞተ ሰው ይለቀሳል እንዴ ልጄ? ያገር መሳቂያ ልታደርገኝ ነው» ትለዋለች። ቀኑ በዚሁ መሸ።

ዕቃ ስናስገባ ሽማግሌው ሲመክረው ሰማሁ። አልተቆጣም፤ እንደ አባት ነው የሚያናግረው።

«እንባ አትለምናት። ከልቧ የሚያስለቅሳትን ፈልግ። አገሩን አንተ ታውቀዋለህ፣ እኔ አላውቀውም።»

ሰሎሞን መሬት መሬቱን ያያል። እኔም ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።

ታናሽ ወንድሜ ደሴ ያን ጊዜ አስመራ ወታደር ነበር። ሰሎሞንም ያውቃል፤ እናቴ ስለ ደሴ ሳታወራ እንጀራ አትቆርስም።

ሰሎሞን እኔን ዕቃ አምጣ ብሎ ደባርቅ ላከኝ። እዚያው አድሬ በማለዳ ስመለስ ዋይታ ሰማሁ። ከኛ ደጅ ነው። አያ ተገኘና ሌሎቹ የሰፈር ሽማግሎች ኩታቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። እናቴ መሬት ላይ ሆና ደረቷን ትደቃለች፣ ደሴ ደሴ ትላለች። መርዶ በኛ አገር እንዲህ ነው፤ በማለዳ በሽማግሎች ይመጣል፣ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ሰው ያውቀዋል።  ወንድሜን ብዬ ከበቅሎዋ እግር ሥር ወደቅሁ።

ቀና ስል በአጥሩ ቀዳዳ የካሜራው ዓይን ያየናል።

አያ ተገኘን ኩታውን ይዤ ጠየቅሁት። ሰሎሞን «ለሲኒማው ነው፣ እሷም ታውቃለች» ብሎ እንዳመጣቸው ነገረኝ። 

ሰሎሞን ከአጥሩ ጀርባ ብቅ አለ። ወደ እናቴ አልሄደም። ወደ ፈረንጁ ዞሮ «እንዴት ነው?» አለው።

ፈረንጁ ትከሻውን መታ መታ አደረገና «አሁን ገባህ» አለው።

ልጁ ፈገግ አለ። እኔ እስከ ዛሬ የምጸየፈው ያንን ፈገግታ ነው። ፈረንጁ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ከየት ያውቃል? ያንን ያመጣው የኛው ልጅ ነው፣ ከእናቱ ቤት ያየውን።

ውሸት ነው ብለን ብንምልላት እናቴ አላመነችም። «ምነው፣ ልታባብሉኝ ነው?» አለች። መርዶ ተነግሮ ሲመለስ ከቶ አይታ አታውቅማ። በዚያው ቀን ጸጉሯን ተላጨች።

ኋላ ደሴ መጥቶ በዓይኗ አይታዋለች። ቢሆንም እስክትሞት ድረስ በማለዳ በር ሲንኳኳ ተነሥታ አልከፈተችም። ሰሎሞን ስመ ጥር ሆነ፤ የፈረንጁን ምክር በሬዲዮ ሲያመሰግን ሰምቼ ዘጋሁት። ሲኒማውን ያዩ ሰዎች እናትህ እንዴት ሸጋ አድርጋ አለቀሰች ይሉኛል። እኔ አላየሁትም፣ አላይምም።

ያን ጊዜ፣ መርዶው በተነገረ በማግሥቱ ጠዋት፣ በዓይኗ እንድታየው ወንድሜን ላመጣ አስመራ የሚሄድ የጭነት መኪና ፍለጋ ስወጣ እናቴ ከደጅ ጠራችኝ። ሬሳ የማመጣ መስሏታል። ከሣጥኗ አዲስ አቡጀዲ አውጥታ «ደኅና አርገህ ገንዘው» አለችኝ። ክርክሩ ስለማይረባ ተቀበልኋት። በሕይወት ላለው ወንድሜ መገነዣ በብብቴ ይዤ መኪናው ላይ ወጣሁ።