አስካለች፣ ውሻውና የተቆለፈው ካራቫን

አስካለች ውሻ ትፈራለች ማለት ነገሩን ማሳነስ ነው። አገር ቤት፣ ሾኔ አጠገብ፣ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ የጎረቤት ውሻ ባቷን ነክሶ አልለቅም ብሏት ሰው በዱላ ደርሶ ነው ያስጣላት። ጠባሳው ዛሬም አለ። ጆሃንስበርግ መጥታ፣ ጻካኔ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ከባሏ ከሀቢሶ ጋር ሱቅ ከከፈቱ ወዲህ ስንቱን ችላለች። ሽጉጥ ግንባሯ ላይ ተደግኖባት እንኳ «ጌታ ሆይ» ብላ ጸጥ ያለች ሴት ናት። ውሻ ካየች ግን መንገድ ትቀይራለች። እንግዲህ ለእንዲህ ያለችው ሴት ነው ሀቢሶ ውሻ ያመጣላት፤ ያውም ከነመኪናው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሮና በገባ በዓመቱ እዚያው ቅርብ ባለችው ከተማ፣ ብራክፓን ውስጥ ፒት የሚባሉ ነጭ ሽማግሌ ሚስታቸውን በበሽታው አጡና የአረጋውያን መኖሪያ ሊገቡ ሆነ። መኪናም ቤትም የሆነ አሮጌ ካራቫን ነበራቸው፤ ከኋላው አልጋና የጋዝ ምድጃ ያለው። በደጉ ጊዜ ከሚስታቸው፣ ከውሻቸውና ከድመታቸው ጋር ባሕር ድረስ ይጓዙበት ነበር። ሀቢሶ ለዕቃ ማመላለሻ ይሆነኛል ብሎ ሊገዛ ሲሄድ፣ ሽማግሌው አንድ ነገር ብቻ ለመኑት። የሚገቡበት ቤት እንስሳ አይቀበልም፤ መኪናውን የወሰደ ውሻውንና ድመቷንም ይውሰድልኝ አሉት። ሀቢሶ እሺ ብሎ ይዟቸው መጣ። ሚስቱን መቼ ጠየቀ? ወንድ ልጅ መኪና ሲያይ ልቡ ይጠፋል፤ ምን ይደረግ።

አስካለች ሦስት ቀን አኮረፈች። ድመቷን እንኳ አይጥ ትይዝልኛለች ብላ ቶሎ ወደደቻት። ውሻው ግን ቮልፍ እየተባለ ሲጠራ እሷ አንድ ቀን በስሙ አልጠራችውም፤ «ያ» ነው የምትለው። ዕድሜ የጠገበ፣ አንድ ዓይኑ የደፈረሰ ትልቅ ውሻ ነው። በኮሮና ተዘግቶ የነበረው ቤተ ክርስቲያን በተከፈተባቸው ወራት እሑድ እሑድ ወደ ሮዘተንቪል ለአምልኮ ሲሄዱ፣ ከሾፌሩ ጎን ያለውን ወንበር ለማንም አልለቅም አለ። ስለዚህ እሱ ከፊት እንደ ቄስ ተኮፍሶ፣ አስካለች ከኋላ አልጋው ላይ ድመቷን ታቅፋ ይጓዙ ነበር። የቤተ ክርስቲያን እህቶች ይህን እያዩ ሀቢሶ ሁለተኛ አገባብሽ ወይ እያሉ ሳቁባት። እሷም ሳቀች፤ ግን ከመኪናው ስትወርድ ዞር ብላ እያየችው ነበር የምትወርደው።

አሁን ስለ መቆለፍ ልንገራችሁ፤ ይህን ሳላስረዳ ብቀጥል የመጣው ነገር አይገባችሁም። ጻካኔ ያሉ የእኛ ሰዎች የሚኖሩት እዚያው ሱቃቸው ውስጥ ነው። አንዱ ዕቃ ሊገዛ ከወጣ፣ የቀረውን ከውጭ ቆልፎበት ይሄዳል። ለምን ቢሉ፣ ዘራፊ የሚፈልገው ሰውን ነው፤ በሽጉጥ አስፈራርቶ በሩን የሚያስከፍተውን። ጓጉንቸሩ ከውጭ ተንጠልጥሎ ካየ ሰው የለም ብሎ ያልፋል። ውስጥ ያለው ደግሞ አይስልም፣ አያስነጥስም። አስካለች በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲህ ስንቴ እንደተቀመጠች እሷም አታውቀው። «ዝም አይነቅዝም» ትላለች፣ ሲጠይቋት። ሀቢሶም ካራቫኑ እጁ እንደገባ የመጀመሪያ ሥራው በኋለኛው በር ላይ የጓጉንቸር ማንጠልጠያ፣ በመስኮቶቹ ላይ የብረት ፍርግርግ ማስበየድ ነበር። ሽማግሌው ባሕር የሚያዩበትን መስኮት እስር ቤት አስመሰለው።

ከዚያ ያ ሐምሌ መጣ። በሽታው ለሦስተኛ ጊዜ አገርሽቶ ሰው በየቤቱ እየሞተ ሳለ፣ በዚያ ላይ በየከተማው ረብሻና የሱቅ ዘረፋ ተነሳ። ሰኞ ጠዋት፣ ሁለት መንገድ አልፎ ሱቅ ያለው ሽጉጤ የሚባል የአገራቸው ልጅ ደውሎ የእኔን ጨረሱት፣ ነፍሳችሁን አውጡ አላቸው። ዱቄቱንና ዘይቱን በጥድፊያ ካራቫኑ ላይ ወረወሩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ገና ሰፈሩን ሳይለቁ ካርቶኑ ሁሉ ተንዶ ከኋላ ወደ ሾፌሩ የሚያሳልፈውን መንገድ ዘጋው። ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያስተካክል ማን ነው?

ወደ ብራክፓን በሚወስደው መንገድ ላይ ጎማ ሲቃጠል ከሩቅ አዩ። ሀቢሶ አንድ የተዘጋ መጋዘን አጥር ሥር አቆመና፣ የታችኛው መንገድ ክፍት መሆኑን በእግሬ አይቼ ልምጣ አለ። ውሻው ከፊት ሆኖ መንገደኛ ላይ እንዳይጮህ ብሎ ከአስካለች ጋር ከኋላ አስገባው። መጋረጃውን ጋረደ፣ እንደ ወትሮው ቆለፈ፣ ሄደ።

እሷና ያ፣ ከአንድ የተቆለፈ በር ኋላ። ድመቷን ከጃኬቷ ሥር ሸጉጣ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። መጀመሪያ የፈራችው ውሻውን ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን ዘፈንና የብዙ ሰው እግር ተሰማ፤ ውሻውም ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ማጉረምረም ጀመረ። ይህ ከጮኸ አለቀልኝ አለች። በዕድሜዋ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ተንበርክካ አፉን በሁለት እጇ ጨምቃ ያዘች። ትንፋሹ መዳፏን ያሞቀዋል። ቢነክሰኝም ድምፅ አላሰማም ብላ ጥርሷን ነከሰች።

ሰዎቹ መኪናውን ከበቡት። አንዱ በሩን ደበደበ። ሌላው በዙሉ «አኬኮ» አለ፤ የለም፣ ሰው የለበትም ማለት ነው። በእርግጠኝነት ነበር ያለው። አስካለች በልቧ ጌታን አመሰገነች። ጓጉንቸሩ ሥራውን ሠራ፣ አሁን ያልፋሉ ብላ ጠበቀች።

አላለፉም። መኪናው ተነቃነቀ፤ ሾፌር በሌለበት ወደ ፊት መንከባለል ያዘ። እየገፉት ነው። ወደ መንገዱ መሐል ገፍተው፣ አዙረው፣ አቆሙት። ከዚያ ጣሪያው ላይ ውኃ ሲፈስ የመሰለ ድምፅ ሰማች፤ ቀጥሎ የቤንዚን ሽታ መጣ። ያኔ ገባት። መንገዱን ሊዘጉበት ነው፤ ባዶ መኪና ነው የሚያቃጥሉት።

ብትጮህ የውጭ አገር ሰው መሆኗን በድምፅዋ ያውቃሉ፤ ከሚያደርጉት ነገር ያላየችው የለም። ዝም ብትል ትቃጠላለች። መጮህን መረጠች፤ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ የለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዝም በል የተባለ ጉሮሮ እንቢ አለ። ሞቴ ነው፣ እዚሁ እንደ ቆሎ ልቆላ ነው አለች፤ ሽንቷ አመለጣት። እጇን ከውሻው አፍ ላይ አነሳች።

ውሻው ጮኸ። ያ ሁሉ ዕድሜ የት እንደሄደለት እንጃ፣ ብረቱ እስኪያስተጋባ ጮኸ። ውጭ ያለው ጫጫታ ቀጥ አለ። አንዲት ሴት «ውስጥ ውሻ አለ!» አለች። ተከራከሩ። ውሻ ምን ይሆናል፣ ለኩሰው ያለም ነበር፤ ሴትዮዋ ግን ዓይኔ እያየ እንስሳ አይቃጠልም ብላ በሩ ላይ ቆመች። በመጨረሻ አንዱ ብረት አምጥቶ ጓጉንቸሩን ፈነቀለው።

ውሻው ወጣ። ከኋላው አስካለች ወጣች፣ ድመቷ ጃኬቷ ውስጥ፣ ቀሚሷ እርጥብ። ላይተር የያዘው ወጣት እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

«ማማ፣ ለምን አልተናገርሽም?» አላት።

ሴትዮዋ ክንዷን ይዛ መንገዱን አሻገረቻትና ከአጥሩ ሥር አስቀመጠቻት፤ ውሻውም ተከተላት። ሰዎቹ ዱቄቱንና ዘይቱን አውርደው ተከፋፈሉ፤ ሲጨርሱ ካራቫኑን ለኮሱት። ምሕረቱም ዘረፋውም በአንድ ሰዓት፣ በአንድ እጅ! ሴትዮዋም አንድ ካርቶን ዘይት ይዛ ሄደች።

ሀቢሶ ጢሱን አይቶ እየሮጠ ደረሰ። እሳቱን ሲያይ «አስኬ! አስኬ!» እያለ ቀጥታ ወደ በሩ ተወረወረ፤ የጋለውን ብረት በባዶ እጁ ያዘ። አስካለች ከማዶ ልትጠራው ሞከረች፤ ድምፅዋ ገና አልተመለሰም። ተነስታ ሮጣ ኮቱን ከኋላ ጨምድዳ ጎተተችው። ዞሮ ሲያያት ሙት የተነሣ መሰለው። መንገዱ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ፤ የመዳፉ ቆዳ ተገሽልጧል፣ እሱ ግን ሕመሙም የተሰማው አይመስልም።

«ሰዎቹ መታጠፊያው ላይ ያዙኝ» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት። «መኪናው የማን ነው፣ ሰው አለበት ወይ ብለው ጠየቁኝ። ባዶ ነው ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

አስካለች ልትጮህበት ፈለገች፤ ልትመታውም ፈለገች። ግን እሱ ውስጥ፣ እሷ ውጭ ብትሆን ኖሮ ሰው አለበት ወይ ለሚላት ምን ትመልስ እንደነበር ታውቃለች። ባዶ ነው ትል ነበር፤ ሳታስብ፣ ዓይኗን ሳታሽ። አጠገቡ ተቀመጠች። እሳቱንም ሰዎቹንም ካየች በኋላ፣ ከሁሉ ይበልጥ ይህ አስፈራት።