ምስማሩ ላይ የቀረው ኮፍያ

በወደቡ ግቢ ትልቁም ትንሹም ጋሼ አጣኝ ይላቸው ነበር። የክርስትና ስማቸውን የሚጠሩት ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ቢሆኑ ሲቆጡ ነው። ሥራቸው ከባሕር ማዶ በመርከብ የሚመጣውን ፍራፍሬ ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት በጋዝ ማጠን ነው። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ከውጭ የገባ ወይን በፍሬው ትል፣ በዘለላው የተባይ እንቁላል ይዞ እንዳይዘልቅ በተዘጋ ክፍል ይታጠናል፣ ይናፈሳል፣ ተመርምሮ ይለቀቃል። ያልታጠነ ሳጥን የግቢውን በር አያልፍም፤ ባለቤቱ ቢለምንም ቢያስፈራራም አያልፍም።

ጋሼ አጣኝ ይህን ሕግ የወደዱት አንብበውት አልነበረም። አባታቸው ወይን ተካይ ነበሩ። ልጅ ሳሉ ከማሳው ግንብ ሥር በጀርባቸው ተንጋለው፣ ከላይ የተንዠረገገውን ዘለላ እጃቸውን ሳይዘረጉ በአፋቸው ይቀጥፉ ነበር። አንድ ዓመት በባዕድ ሳጥን ተደብቃ የመጣች፣ አመድ የመሰለች ትንሽ የእሳት ራት ማሳው ውስጥ ገባች። ማንም ልብ አላላትም። በቀጣዩ ዓመት ዘለላው ሁሉ ድር አደራበት፤ ፍሬውን ሲጫኑት ትል ይወጣል። አባታቸው ሐረጉን ሁሉ ነቅለው አቃጠሉት፤ ከዚያ በኋላ ስለ ወይን አንሥተው አያውቁም።

የማጠኛው ክፍል መስኮት የለውም። ግድግዳው ነጭ ነው፤ በሩ ወፍራም ብረት ሆኖ ዳር ዳሩን በጎማ ተለብዷል። ወይኑ ከቀዝቃዛው መጋዘን ወጥቶ እዚያ ሲደረደር መጀመሪያ ይሞቃል። የቀዘቀዘ ትል እንደ ሞተ ነው፤ ትንፋሹን ይይዛል፣ ትንፋሹን ከያዘ ደግሞ ጋዙ አያገኘውም። ስለዚህ ፍሬው እስከ ልቡ መሞቅ አለበት። ከሞቀ በኋላ ግን ፋታ አይሰጥም። ሳይታጠን ከዋለ ያልበዋል፣ ይሻግታል፣ ለሰውም ለከብትም አይሆንም።

ጋዙ ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም። ትልና ሰውን ለይቶ አያውቅም።

ለዚህ ነበር ጋሼ አጣኝ የኮፍያውን ደንብ ያወጡት። ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ምስማሮች ተመትተዋል። ወደ ክፍሉ የሚገባ ሁሉ ኮፍያውን አውልቆ ይሰቅላል፤ ሲወጣ አንሥቶ ይደፋል። ምስማር ላይ ኮፍያ ካለ ጋዝ አይከፈትም። ፊርማ ይሻላል ያሏቸው ነበሩ፤ እሳቸው ግን «ተሸካሚ ሲደክመው መፈረም ይረሳል፤ በዚህ ፀሐይ ኮፍያውን የሚረሳ ግን አናት የሌለው ብቻ ነው» አሏቸው።

ኮፍያዎቹ ሁሉ መሥሪያ ቤቱ ያደላቸው፣ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ናቸው። አንድ ሰሞን ቅማል ገባና ተሸካሚዎቹ «ያንተ ነው፣ ያንተ ነው» ተባብለው ሊደባደቡ ደረሱ። ያኔ የጋሼ አጣኝ ባለቤት ሁሉንም ኮፍያ ቀቅለው፣ በየውስጡ የተለያየ ቀለም ያለው ክር ሰፉበት። ከዚያ ወዲህ ሰው ኮፍያውን ገልብጦ አይቶ ነው የሚለየው። ገልብጦ ካየ።

ያን ቀን ሙቀቱ ድንጋይ ያቀልጥ ነበር። ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ አንድ ሙሉ ጭነት ወይን ስለ ተበላሸ የጣቢያው ኃላፊ ከበላይ የተግሣጽ ቃል ደርሷት ነበር። ወጣት ናት፤ ክፉ አይደለችም፤ ግን «አሁንም ከተበላሸ ጣቢያው ይዘጋል» ተብላለች። ጠዋት የገባው ወይን ሞቆ ሲደርስ ሰዓቷን እያየች በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ደርሷል እኮ። ምን እንጠብቃለን?»

«ኮፍያ አለ፣ ልጄ።»

እውነትም ከምስማሮቹ በአንዱ ላይ ኮፍያ ተሰቅሏል። ተሸካሚዎቹ ለምሳ ወጥተው በግቢው ማዶ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ጋሼ አጣኝ ባትሪያቸውን አብርተው ወደ ክፍሉ ዘለቁ። ሳጥኑ እስከ ጣራው ተደርድሯል፤ ከወደ ኋላ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ጠባብ መተላለፊያ አለ። የማሞቂያው ማራገቢያ ያገሳል።

«ማነው እዚህ ያለ?» አሉ። ድምፃቸው ማራገቢያው ውስጥ ጠፋ።

ወደ መተላለፊያው ሊገቡ ሲሉ ከበሩ አንድ ሰው ጠራቸው። ተሸካሚዎቹ መሰላል የሚሉት ረጅሙ ሰውዬ ነበር፤ አፉ በዳቦ ተሞልቶ፣ አናቱ ባዶ ሆኖ መጥቷል። ኮፍያውን ከምስማሩ አንሥቶ ገለበጠው።

«አረንጓዴ ክር! የኔው ነው እኮ፣ ጋሼ። ረስቼው ወጥቼ ነው።»

«አናት የሌለው ብቻ ይረሳል አላሉም?» አለ ሌላው ተሸካሚ ከጥላው ሥር። «የሱ ከደመና በላይ ስለሆነ አይታየውም።»

ሁሉም ሳቁ። መሰላልም ኮፍያውን ደፍቶ እየሳቀ ተመለሰ።

«ሌላው ሰው?» አሉ ጋሼ አጣኝ። «ኮሽታስ የታለ?»

ኮሽታ ያሉት በፌዝ ነው፤ ሲሄድ ኮሽ የማይል፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ሚስቱ በቅርቡ ወልዳለች፤ ሕፃኑ ሌሊቱን ሲያለቅስ ስለሚያድር ዓይኑ ቀልቶ ነበር የሚመጣው።

«ምሳ ሲደርስ ወደ ቤቱ ይበርራል እኮ፣ እንደ ሰሞኑ» አለ መሰላል። «ልጁን ሳይስም እህል አይወርድለትም።»

ምስማሮቹ ባዶ ናቸው። ደንቡ ተሟልቷል። ጋሼ አጣኝ የኋላውን መተላለፊያ ሳያዩ ወጡ። በሩን ዘጉ፤ መቀርቀሪያዎቹን አንድ በአንድ አጠበቁ፤ የጎማውን ዙሪያ በመዳፋቸው ዳሰሱ። ከዚያ የጋዙ መክፈቻ ወዳለበት ትንሽ ክፍል ገቡ። ኃላፊዋ ተከተለቻቸው። የክፍሉ መስኮት ወደ ግቢው ያያል።

ጭንብላቸውን አጠለቁ። እጃቸውን መክፈቻው ላይ አኖሩ። ብረቱ ይፋጃል።

በመስኮቱ ማዶ መሰላል ምሳውን ጨርሶ እግሩን ዘርግቷል። ኮፍያው አናቱ ላይ ነው። በኮፍያ ፊቱን ያራግባል።

ጋሼ አጣኝ እጃቸው እዚያው መክፈቻው ላይ ሆኖ ቀሩ። ዓይናቸው ያየውን ልባቸው ገና አልደረሰበትም ነበር። አናቱ ላይ ኮፍያ፤ በእጁ ኮፍያ።

«ጋሼ?» አለች ኃላፊዋ።

እጃቸውን ከመክፈቻው ላይ አነሡ። ጣቶቻቸው የራሳቸው አልመስል ብለዋቸው፣ እንደ ተጣበቀ ነገር አንድ በአንድ አላቀቋቸው። ጭንብሉን አወለቁና በመስኮቱ ተጣሩ።

«መሰላል! ያ የምታራግብበት የማን ነው?»

መሰላል በእጁ ያለውን አየ። ከዚያ አናቱን ዳሰሰ። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ለምሳ ሲወጣ እያወራ ከምስማር አንሥቶ፣ ከዳቦው ጋር ጥላው ሥር ያስቀመጠው ኮፍያ ነበር። ገለበጠው።

«ቢጫ» አለ። «ቢጫ ክር ነው፣ ጋሼ።»

«ቢጫ የማን ነው?» አለች ኃላፊዋ።

 ጋሼ አጣኝ ወደ በሩ እየሮጡ ነበር፤ በዚያ ዕድሜያቸው ሲሮጡ ያያቸው ሰው አልነበረም። መቀርቀሪያው ሲያጠብቁት እሺ ያለ ሲፈቱት አልታዘዝ አለ። መሰላል ደርሶ በትከሻው ገፋ። ኃላፊዋም ከተከፈተ ሙቀቱ እንደሚያመልጥ፣ ወይኑ እንደሚጠፋ ታውቃለች፤ እሷም ሁለቱን እጆቿን ብረቱ ላይ አድርጋ ገፋች።

ከኋላ፣ በግድግዳውና በሳጥኑ መካከል፣ ኮሽታ ባዶ ጆንያ ተንተርሶ ተኝቶ ነበር። የሙቀት መለኪያውን ሽቦ ሊያስተካክል ከምሳ በፊት ገብቶ፣ ሽቦውን አስተካክሎ፣ ሙቀቱ ሲያባብለው ለአፍታ ጋደም ብሎ ነው። የሽቦው ትራፊ አሁንም በጣቱ ተጠቅልሏል። ጋሼ አጣኝ ተንበረከኩና መዳፋቸውን አፍንጫው ላይ አኖሩ። ይተነፍሳል፤ በሙሉ ደረቱ፣ ጥልቅ አድርጎ ይተነፍሳል። 

ኮሽታ ዓይኑን ገለጠ። ሰዎቹን ሁሉ ከበላዩ ሲያይ አፈረ።

«ምሳ ሰዓት አለፈ እንዴ?»

መሰላል ፊቱን ወደ ሳጥኖቹ አዞረ። 

ወይኑ ያን ቀን አልታጠነም። አላበውና ከፊሉ ተበላሸ፤ የተረፈውም ቢሆን ሳይታጠን አያልፍምና ወደ ቃጠሎው ጉድጓድ ተጣለ። ኃላፊዋ ለበላይ ስልክ ስትደውል ጋሼ አጣኝ አጠገቧ ቆሙ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ የኋላውን ሳላይ መዝጋቴን ንገሪያቸው» አሏት። እሷ ግን፣ «በሩን ያስከፈትኩት እኔ ነኝ» ብቻ ብላ ስልኩን ዘጋች። ጣቢያው ይዘጋ አይዘጋ ያን ቀን ማንም አላወቀም።

ሲመሽ ጋሼ አጣኝ ኮፍያዎቹን ሁሉ በከረጢት ጠቅልለው ቤታቸው ገቡ።

«ደግሞ ቅማል ገባ?» አሉ ባለቤታቸው።

«ክሩን ከውጭ አድርጊው። በግንባሩ በኩል፣ ወፈር አድርገሽ፤ ማንም ሳይገለብጥ እንዲያየው።»

ባለቤታቸው መነጽራቸውን አድርገው መብራቱ ሥር ተቀመጡና መርፌ አወጡ። አረንጓዴውን ጨረሱ፤ ቀዩን ጨረሱ። ቀጥለው ቢጫውን አነሡ።

«ይሄ የማን ነበር? ረሳሁት እኮ።»

ጋሼ አጣኝ የቀኝ እጃቸውን ጣቶች በግራ እጃቸው ይዘው፣ እያፍታቱ ያዩዋቸው ነበር።

«ልጁ ሌሊት የሚያለቅስበት ሰውዬ ነው» አሉ። «ነገ ቤቱ ሄጄ ልጁን አያለሁ።»

«ባዶ እጅህን እንዳትሄድ እንግዲህ» አሉ ባለቤታቸው፤ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።