በጀልባ የተወራረዱብኝ ሰሞን

ጎልፍ ሲባል ያቅለሸልሸኛል። በቴሌቪዥን ያ አረንጓዴ ሣር ብቅ ካለ ሰው ቤትም ብሆን ፊቴን አዞራለሁ፤ ምን ሆንሽ ሲሉኝ ዓይኔን አሞኝ ነው ብዬ አልፋለሁ። አንዲት ቅጠል እንኳ በባልዲ ውኃ ካልተለመነች በማትበቅልበት ጅቡቲ ተቀምጦ፣ ሌላ አገር ሣር ላይ በምትንከባለል ኳስ የሚጨቃጨቅ ሰው ካላያችሁ ነገሩ አይገባችሁ ይሆናል። እኔ ግን አይቻለሁ፣ ያውም ሳህን እያቀረብኩ።

ሄሮን በሚባለው የጅቡቲ ከተማ ሰፈር ውስጥ፣ ባሕሩን ፊት ለፊት በሚያይ አሮጌ ቤት፣ ለፈረንሳዮች ባልና ሚስት ምግብ አበስል ነበር። የማድረውም እዚያው፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ይህን የምለው ለእነሱ አዝኜ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። ደመወዜን አያዘገዩም፣ አይጮኹብኝም፣ ዓርብ ከሰዓት ይለቁኛል። ሙስዬ ወደብ ላይ ትልቅ ሥራ ነበረው። የማዳም ሥራ ደግሞ መሰላቸት ነበር፤ ከጠዋት እስከ ማታ በትጋት ትሠራዋለች።

በየዓመቱ ኅዳር ላይ የጎልፍ ዓመት መዝጊያ ውድድር ዱባይ ይደረጋል። ዓመቱን ሙሉ የተሻሉት ብቻ ተመርጠው ከሐሙስ እስከ እሑድ የሚጋጠሙበት ነው። በዚያ ቤት ከፋሲካ የሚበልጥ በዓል ነበር። የሙስዬ ወዳጆች ሳሎኑን ይሞሉታል፣ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን እኔ በወለወልኩት ጠረጴዛ ላይ ይሰቅላሉ፣ የወይራ ፍሬውን እየበሉ ዘሩን ምንጣፍ ላይ ይተፋሉ። አንዳቸውም ጎልፍ ሲጫወቱ አይቼ አላውቅም። ጨዋታቸው ውርርድ ነው። እያንዳንዱ አንድ ተጫዋች ይይዛል፣ የያዘው ሰው የቀደመለት ይበላል። በፊት በገንዘብ ነበር፤ ገንዘቡ ሲሰለቻቸው በዊስኪ ሆነ፣ ዊስኪው ሲሰለቻቸው በእጅ ሰዓት። ሁሉ የሞላለት ሰው የሚያስይዘው ነገር ሲያጣ ምን እንደሚያስይዝ የገባኝ ያን ዓመት ነው።

ያን ዓመት ልጄ ልታገባ ነበር፤ ጥር ላይ፣ ድሬዳዋ። ያሳደገቻት ታላቅ እህቴ ናት። እኔ ወደ ጅቡቲ የመጣሁት ልጅቱ ገና ድክ ድክ ስትል ስለሆነ ብዙውን ነገሯን በስልክ ነው የሰማሁት፤ ጥርሷ ሲነቀል በስልክ፣ ትምህርት ቤት ስትገባ በስልክ፣ ታማ ስትድንም በስልክ። ሰርጓን ግን በስልክ አልሰማም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። ገና ነሐሴ ላይ ለማዳም ነግሬ የጥርን ወር ፈቃድ ጠየቅኋት። እሷም ጥፍሯን እየሞረደች፣ ቀና ሳትል፣ እንዴታ አለችኝ። ልጄም በደወለች ቁጥር "እማዬ፣ አትቀሪም አይደል?" ትለኛለች፤ እኔም በሙሉ አፌ አልቀርም እላታለሁ።

ቅዳሜ ምሳ ላይ የተጠበሰ ዓሣ ይዤ ሳሎን ስገባ ከእንግዶቹ አንዱ ከላይ እስከ ታች አየኝ። የመርከብ ወኪል የሆነው ወፍራሙ ጎረቤታችን ነው። የበግ ጭን በምድጃ እንዴት እንደምሠራ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ከዚያ ሽንኩርት እንደማይስማማው፣ ቁርሱንም በማለዳ እንደሚበላ ይነግረኝ ጀመር። ይህ ሁሉ ለእኔ ምን ይሠራልኛል ብዬ ቆሜ ስሰማው፦

"ሰውዬሽ ከተሸነፈ ጃንቪዬን እኔ ቤት ነሽ" አለኝ።

ጃንቪዬ የሚሉት የፈረንጆቹን ጥር ነው። ሁሉም ሳቁ። ሙስዬም እየሳቀ አስረዳኝ። ጎረቤትየው ጀልባውን አስይዟል፤ እሱ ደግሞ እኔን። የሙስዬ ተጫዋች ከቀደመ ጀልባዋ ለአንድ ወር የእኛ ናት፤ የጎረቤትየው ከቀደመ እኔ ለአንድ ወር የእሱ ነኝ። ጎረቤትየው መጀመሪያ ጀልባ በምግብ አብሳይ አይለወጥም ብሎ ተከራክሮ ነበር አሉ። ሙስዬ ግን የእሷን ሶስ ስላልቀመስክ ነው ብሎ አሳመነው። ይህን የነገረኝ ሙገሳ መስሎት ነው።

ጀልባዋን አውቃታለሁ። ነጭ ናት፣ የሚያብረቀርቅ የብረት መደገፊያና ባለ ጥላ መቀመጫ ያላት፤ ሄሮን ያለ ሰው ሁሉ ቆሞ ያያታል። እና እውነቱን ልናገር፤ ያቺን በሚያህል ነገር መተመኔን ስሰማ፣ ዓይን ጨፍነው እስኪገልጡ ያህል፣ ደስ አለኝ። ያ ደስታ ምን እንደሆነ የገባኝ ማድ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው። ማጠቢያው ላይ ጎንበስ ብዬ ወደ ላይ አለኝ። እነሱን ከተጸየፍኩት ይልቅ ያቺን ቅጽበት ተጸየፍኳት።

ማዳምን ለብቻዋ አግኝቼ የልጄን ሰርግ አስታወስኳት። ሰርግ የሚለውን ቃል ገና ዛሬ እንደሰማች ሁሉ ቅንድቧን አነሣች። ጨዋታ እኮ ነው፣ ደግሞም የእኛ ሰው ነው የሚያሸንፈው አለችኝ። ካላሸነፈስ፣ ከተሸነፈስ እያልኩ ስወተውታት እሑድ እናያለን ብላ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ጥዬ እንዳልሄድ የመኖሪያ ወረቀቴ በእነሱ ስም ነው። ጥዬ ብወጣ ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር ካለች አንዲት የአገሬ ልጅ ዘንድ ጥቂት ቀን እጠጋ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ድንበሩን እንዴት ተሻግሬ እንዴት እመለሳለሁ?

እንግዲህ የቀረኝ የምናውቀው መንገድ ነው፤ ተሳልኩ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ለቁልቢው ገብርኤል ስለት ገባሁ። የሙስዬን ሰው ካስቀደምክልኝ ለድሬዳዋ ሰርግ ስመጣ የከፋይ ዣንጥላ ይዤልህ እመጣለሁ አልኩት። ከዚያ በበሩ ስንጥቅ ቴሌቪዥኑን እያየሁ መቁጠር ጀመርኩ። የእኛ ሰው ኳሷን በመታ ቁጥር ተመስገን፣ ደግሞ በመታ ቁጥር ተመስገን። ያኛው ስንፍና የያዘው ይመስል ሁለቴ መትቶ ይተዋታል። የዕለቱ ጨዋታ አብቅቶ ቁጥሩ ሲወጣ ከእኛ ሰው ስም ጎን ሰባ ሦስት፣ ከጎረቤትየው ሰው ስም ጎን ስድሳ ሰባት ተጻፈ። ሰማኝ ብዬ ግንባሬን በሩ ላይ አስደገፍኩ።

ደስታዬ ስላላስቻለኝ ቡና ይዤ ስገባ ለማዳም እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ ስትጠይቀኝ የእኛ ሰው በስድስት ይበልጣል አልኩ። ሳቋ ሲያባራ ባሏን ጠርታ አስደገመችኝ፣ እሱም ለእንግዶቹ ሁሉ እንድደግመው አደረገ። ጎልፍ ብዙ የመታ የሚሸነፍበት ጨዋታ መሆኑን በዚህ ዓይነት ተማርኩ። እኔን ያሳቀቀኝ የእነሱ ሳቅ ብቻ አይደለም። የማምነውን መልአክ ከሰዓቱን በሙሉ ይሄን ሰው አሳስትልኝ፣ ደጋግሞ እንዲመታ አድርግልኝ እያልኩ መለመኔ ነው። ልመናዬን አስተካክዬ እንደገና ለመለመን አፈርኩ። ኳስ ለምትባል ነገር፣ ለእነዚህ ሰዎች ጨዋታ፣ ገብርኤልን ያህል ማስቸገር አስጠላኝ።

እሑድ ምንም አልለመንኩም። የሙስዬ ሰው ያሸነፈው በራሱ ጊዜ ነው። የጎረቤትየው ተጫዋች መጨረሻው ላይ ኳሷን ኩሬ ውስጥ ከተታት፣ ሌላ አምጥቶ እሷንም ከተታት። ጎረቤትየው የሰደበውን ስድብ በፈረንሳይኛ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ የጀልባዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወረወረ፣ ሙስዬም አንሥቶ ሳመው። እኔ ትሪ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አለቀ፣ ድሬዳዋ ገባሁ አልኩ በልቤ።

ሙስዬ ግን ጃንቪዬን በጀልባ እናሳልፈዋለን እያለ እንግዶቹን ይጋብዝ ጀመር። በየሳምንቱ ሙሻ ደሴት፣ ከፓሪስ ወንድሙ ከነሚስቱ፣ ዓሣው ከባሕር ወጥቶ እዚያው ጀልባዋ ላይ ተጠብሶ። ወደ እኔም ዞሮ ምድጃዋ ትንሽ ናት፣ አንቺ ግን ትችይበታለሽ አለኝ። ቢሸነፍ ኖሮ ለጎረቤትየው ላበስል ነበር፤ ስላሸነፈ ለእሱ ላበስል ነው። ከቅዳሜ ጀምሮ የተሳልኩትም የቆጠርኩትም ለዚህ ኖሯል።

ትሪውን አስቀመጥኩና ጥር ላይ ልጄ ታገባለች፣ ነሐሴ ላይ ለማዳም ተናግሬ ፈቅዳልኛለች አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ እንግዶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ሙስዬ ማዳምን አያት፣ ማዳም የከርሞው ጥር መስሎኝ ነበር አለች። ሙስዬም ትንሽ አሰበ። ተቆጥቶ ቢከለክለኝ ኖሮ ዛሬ እንዲህ አያቅለሸልሸኝም ነበር። ፊቱ ግን በራ፣ ጥሩ ሐሳብ እንደመጣለት ሰው።

"እንግዲያው ለእሱም እንጫወት" አለ።

ከቁም ሣጥን የጎልፍ ዱላ አወጣ፤ ዱላ በዚያ ቤት እንዳለ አላውቅም ነበር። አንድ ብርጭቆ ምንጣፉ ላይ አጋደመ፣ ኳሷን በሳሎኑ ሌላ ጫፍ አስቀመጠ። ካስገባሁ ጥርን ሙሉ እሄዳለሁ፤ ከሳትኩ እቀራለሁ። እንግዶቹ እግራቸውን ከጠረጴዛ አውርደው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡልኝ። ጎረቤትየው በእኔ ላይ አንድ ጠርሙስ አስያዘ፣ ትስታለች ብሎ። ማዳም እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ትጠብቅ ነበር።

አልጫወትም ማለት ነበረብሽ ይለኛል ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ። እነሱ ልጃቸውን በስልክ አላሳደጉም። ዱላውን ተቀበልኩ። ሽርጤን እንደታጠቅሁ ጎንበስ አልኩና መታሁ። ኳሷ ወደ ግራ ሄደች፣ ከሶፋው እግር ጋር ተጋጨች፣ ከዚያ ዝግ ብላ ተመልሳ ብርጭቆው ውስጥ ገብታ ቅጭል አለች።

አጨበጨቡ። ሙስዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም፣ ይኸው እጽፈዋለሁ፣ ሳቅሁ። ጥርሴን አሳይቼ ሳቅሁ፤ ሜርሲ ሙስዬ፣ ሜርሲ ማዳም እያልኩ ለሁሉም እጅ ነሣሁ። ከዚያ ከእግራቸው ሥር የወይራውን ዘር ለቅሜ ወጣሁ።

ጥር ላይ ድሬዳዋ ገባሁ። የሰርጉ ዕለት ጠዋት ሚዜዎቹ ሳይመጡ ልጄ ቬሎዋን እንደለበሰች ለብቻችን ጓዳ ውስጥ ቀረን። ከእኔ ትረዝማለች፤ ከእኔ እንደምትረዝም አላውቅም ነበር። የአንገቷን ቁልፍ ስቆልፍላት፣ ፈረንጆቹ ይከለክሉሻል ብዬ ስንት ሌሊት ሳልተኛ አድሬያለሁ፣ እንዴት ለቀቁሽ አለችኝ።

"ልጄ ናት አልኳቸው፤ እሺ አሉኝ" አልኳት።

"ደጎች ናቸው ማለት ነው" አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ። "ስትመለሺ አመስግኚልኝ፣ እማዬ።"

አመሰግንልሻለሁ አልኳት።