የነካሿ ልጅ እናት

በገንዳ ውሃ ከተማ፣ አገኘሽ የምትባል ሴት በተከራየችበት ሰፈር፣ በስሟ የሚጠራት ሰው ጥቂት ነበር። «የነካሿ እናት» ይሏታል፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ዞር ስትል። ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች።

ልጇ ማዕረግ አራት ዓመቷ ነው። ስትናደድ ትነክሳለች፣ ስትፈራ ትነክሳለች፣ አንዳንዴም ማንም ምክንያቱን ሳያውቀው ትነክሳለች። ድንጋይ መወርወሩ፣ የሰው ዕቃ መስበሩ፣ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ትንፋሽ እስኪያጥር መጮሁም አለ። ድሮ ጎረቤቱ «ሕፃን ናት፣ ስታድግ ትተወዋለች» ይል ነበር። ልጅቷ አደገች፤ አልተወችውም።

አገኘሽና ባሏ ያረጋል ከበለሳ የወረዱት ለአንድ መኸር የሰሊጥ አጨዳ ብለው ነው። ወርደው ቀሩ። ያረጋል አብደራፊ፣ አንድ ትልቅ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳል፤ ወደ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። እሷ ከባለ ሱቋ ከመጂዳ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ ስታበጥር ትውላለች። ማዕረግን ባረገዘችበት ክረምት አካባቢው ተኩስ ነበረበት። አንድ ቀን ሙሉ ማሽላ ማሳ ውስጥ ሆዷን አቅፋ ተኝታ ውላለች። በዚያው ወር ወባ ጣላት።

ከወለደች በኋላ የሆነውን ለማንም አልተናገረችም። ልጅቷ ስታለቅስ ትሰማታለች፤ መነሳት ግን ያቅታታል። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች። ጡቷን ትሰጣታለች እንጂ ዓይኗን አታይም። ጊዜው አለፈና ወደ መጋዘኑ ስትመለስ ልጅ የሚይዝላት ዘመድ በአገሩ የላትም። የማዕረግን ወገብ በአሮጌ ነጠላ ከአልጋው እግር ጋር ታስርና በሩን ዘግታ ትሄዳለች። ምሳ ሰዓት ስትመጣ ልጅቷ አልቅሳ አልቅሳ ድምጿ ተዘግቶ ታገኛታለች። ያረጋል ሲመጣ ደግሞ «ልጅ የሚታረም በአርጩሜ ነው» ብሎ ይገርፋታል። አገኘሽም ሲመራት ትመታታለች፤ ወዲያው አንጀቷ ይቃጠልና ከረሜላ ትገዛላታለች። ማዕረግ ምን ስታደርግ ዱላ፣ ምን ስታደርግ ከረሜላ እንደሚመጣ አታውቅም ነበር።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ማዕረግ የመጂዳን ልጅ ጉንጩን ነከሰችው። ሳጂድ ይባላል፣ ከእሷ በዓመት ያንሳል። አገኘሽ ከሥራ ስትገባ መጂዳ ልጇን ታቅፋ በር ላይ ቆማ ነበር። የሕፃኑ ጉንጭ አብጧል፤ የመጂዳ ሻሽ ላይ ደም አለ።

«ዋላሂ አንቺን አልጠላሁም፣ አገኘሽ» አለች መጂዳ። ብትጮህባት ለአገኘሽ ይቀላት ነበር፤ መጂዳ ግን አልጮኸችም። «ታግሻለሁ። ከእንግዲህ ግን ልጄን ከእሷ ጋር በአንድ ግቢ አላሳድርም። ሌላ ቤት ፈልጊ።»

«እትዬ መጂዳ፣ ይቅር ይበሉኝ። ከተማው በአጫጅ ሞልቷል፤ በዚህ ሰዓት ቤት ከየት አገኛለሁ?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ዓይኑን ብትነክሰውስ ኖሮ?»

በማግስቱ ማዕረግ የምትማርበት አፀደ ሕፃናት መምህርት ሪሐናም ጠራቻት። ወላጆች ልጆቻችንን እናስቀራለን እያሉ ነው።

«እኔ ላባርራት አልፈልግም» አለች ሪሐና። «ግን ይህ ነገር መቼ ጀመራት?»

«ገና ስትድህ።»

«ከዚያ በፊትስ? አንቺ እንዴት ነበርሽ?»

አገኘሽ ዓይኗን ወደ በሩ አዞረች። ሪሐና ጤና ጣቢያ ዙፋን የምትባል ነርስ እንዳለች ነገረቻት። አገኘሽ እሺ አለች እንጂ አልሄደችም። ቤቷ ገብታ ለያረጋል ደወለች። በማዕረግ ንክሻ ሰበብ ቤት ልንለቅ ነው ስትለው «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ዘጋው። ስልኩን እንደያዘች ልጇን አየቻት። ለምን ደወልኩ አለች በልቧ።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ያረጋል አቧራ ለብሶ ገባ። ሰላም አላለም። ከቦርሳው ያረጀ የሞተር ቺንጋ፣ እንደ ቀበቶ ያለ ጎማ፣ አወጣ።

«ጋኔን ከሆነ ጸበል እንወስዳታለን» አለ፤ «ብልግና ከሆነ ግን መድኃኒቱ ይኸውና።»

«ያረጋል፣ መጀመሪያ ውሃ ጠጣ፣ አረፍ በል።»

«ልጅቷ የታለች?»

ማዕረግ በሩ ጥግ ቆማ ነበር። ቺንጋውን አየችው። አገኘሽ እጇን ዘርግታ ሳትደርስባት በአባቷ እግር ሥር ሾልካ ወጣች፤ በግቢው በር በረረች። ያረጋል ተከትሏት ሮጠ፤ መታጠፊያው ላይ ጠፋችበት።

መታጠፊያው የሚያደርሰው አስፋልቱ ዳር ነው። ሰሊጥ የጫኑ መኪኖች ከነተሳቢያቸው ወደ ጎንደር ሊወጡ ተሰልፈዋል። ፀሐይዋ ገብታለች፤ ባጃጆች መብራት አብርተው በመኪኖቹ መሃል ይሹለከለካሉ። አገኘሽ «ማዕረግ፣ ማዕረግ» እያለች ሮጠች። ስሟን ስትሰማ እንደምትሸሽ ታውቃለች። ቤታቸው ውስጥ የልጅቷ ስም የሚጠራው ልትመታ ስትል ነው። መጣራቷን ተወች።

መጂዳም ሱቋን ክፍት ትታ ወጥታ ነበር። ጎንበስ እያለች በየጎማው ሥር ታያለች። ከፊት ያለው መኪና ሞተሩን አስነሳ። ረዳቱ ከኋላ የተሳቢውን ጎን በመዳፉ ጠበጠበ፤ ሂድ ማለቱ ነው።

አገኘሽ ተንበርክካ ከተሳቢው ሥር አየች። ከኋለኛው ጎማ ውስጥ በኩል ሰማያዊ ቀሚስ አለ።

«እትዬ መጂዳ፣ እዚህ ናት።»

ድምጿ ከሞተሩ በላይ መውጣቱንም አላወቀችም። መጂዳ ግን ሰምታ ወደ መኪናው ፊት ሮጣ ሁለት እጇን አፍንጫው ላይ ደግፋ ቆመች። ሾፌሩ ተሳደበ፤ መኪናው አንድ ጊዜ ተንገጫግጮ ቆመ። ጎማው ዞሮ ነበር፤ ብዙም ባይሆን ዞሮ ነበር። አገኘሽ በደረቷ እየተሳበች ገባች። ልጅቷን ስትይዛት ማዕረግ እጇን ነከሰቻት፤ ጥርሷ ሥጋ ውስጥ ገባ።

«ንከሺ» አለቻት። «ንከሺ፣ አልለቅሽም።»

እንደተነከሰች አቅፋት ተኛች። ቆይቶ የልጅቷ መንጋጋ ላላ። እንዲያ ተያይዘው ሲወጡ ያረጋል ቺንጋውን እንደጨበጠ ቆሟል። ሰዎች እጁን ያዩታል። እሱም እጁን አየ። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«እኔን ሸሽታ ነው» አለ።

ጠዋት ሦስቱም ጤና ጣቢያ ሄዱ። ነርሷ ዙፋን ለማዕረግ የውሃ ጠርሙስ ክዳኖች ሰጥታ መሬት ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች።

«አንቺ እንዴት ነሽ?»

«የታመመችው እሷ ናት።»

«እሷን አያታለሁ። አንቺን ነው የጠየቅኩሽ። እንቅልፍ ይወስድሻል?»

ስለ እንቅልፏ የጠየቃት ሰው አልነበረም። አገኘሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ብዙ አለቀሰች። ማሽላውን፣ ወባውን፣ ግድግዳውን፣ ከአልጋው እግር የታሰረውን ነጠላ ሁሉ ተናገረች። «ወተቴ ይወርድ ነበር፤ አንጀቴ ግን አይላወስም» አለች።

«ይህን ሁሉ ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ያረጋል።

«ስትመጣ ወይ ተኝተሃል ወይ ተቆጥተሃል።»

ዙፋን ልጅቷን ጋኔንም ብልግናም እንዳልያዛት ነገረቻቸው። «አንዱ ነገር ብቻውን ቢሆን ልጅ ይችለዋል» አለች። «እናት በፍርሃት አርግዛ፣ ወልዳ ታማ፣ ሕፃን ብቻዋን ተዘግቶባት፣ በላዩ ዱላ ሲጨመር ግን ይደራረባል። የልጅ ጭንቀት በአፍ አይወጣም፤ በጥርስ ይወጣል።»

«ጥፋቱ የኔ ነዋ።»

«መታመም ጥፋት አይደለም። አሁን ግን ታክመሽ መዳን አለብሽ፤ ያለ አንቺ እሷ አትድንም። ዱላው ደግሞ ዛሬ ይቁም።» ይህን ስትል ያየችው ያረጋልን ነው።

ሕክምናው ቀስ ያለ ነበር። አገኘሽ መድኃኒት ጀመረች፤ በቀጠሮ ዙፋን ዘንድ እየሄደች ታወራለች። ልጅቷ ስትናደድ አጠገቧ መቀመጥን፣ ዛሬ ክልክል ያሉትን ነገም ክልክል ማለትን፣ ስሟን ለደግ ነገርም መጥራትን ተማረች። ያረጋል ወደ አብደራፊ ተመለሰ፤ ማታ ማታ እየደወለ ልጁን ያናግራል። መጀመሪያ ማዕረግ ድምፁን ስትሰማ ስልኩን ትወረውረው ነበር። መጂዳ «መኸሩ እስኪያልቅ ቆዩ» አለች፤ መኸሩ ሲያልቅ ነገሩን አላነሳችውም።

በገና ሰሞን ማዕረግ እንደገና አንድ ልጅ ነከሰች። አገኘሽ በጥፊ መታቻት፤ መምታቷን ያወቀችው መዳፏ ሲያቃጥላት ነው። ለዙፋን ሄዳ ተናገረች። «ነገ እንደገና ጀምሪ» አለቻት።

በሚያዝያ ሙቀት አንድ ቀን ሪሐና ልጅቷን ራሷ ቤት አደረሰቻት። «ዛሬ ኳስ ቀሟት» አለች። «አፏን ከፍታ ነበር። ከዚያ ተወችውና መጥታ ቀሚሴን ያዘች። እስክትረጋጋ አልለቀቀችኝም።»

በዚያው ቀን ማዕረግና ሳጂድ ግቢው ውስጥ በባልዲ ውሃ ይጫወቱ ነበር። መጂዳ በሱቋ በር፣ አገኘሽ በክፍሏ በር ቆመው ያያሉ። ሳጂድ ጣሳውን ነጠቃት። ማዕረግ ጮኸች፤ እግሯን መሬት ላይ ደበደበች። ሁለቱ እናቶች አንድ እርምጃ ወደፊት አሉ። ልጅቷ እየጮኸች ወደ እናቷ ሮጣ ፊቷን ጭኗ ላይ ደፋች። አገኘሽ የልጅቷን ራስ እየዳበሰች ሳጂድን አየችው፤ ምንም አልሆነም። መጂዳ ወደ ሱቋ ተመለሰች፤ ግን አልተቀመጠችም፤ ቆማ ሁለቱን ልጆች ታይ ነበር።