የላሟ ድርሻ

ደክሞኛል። ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ስሙ ነው እንጂ ሥራው ቀኑን ሙሉ ጆንያ ማስፈታት፣ እህል ማሽተትና «ይሄ ሻግቷል፣ መልሱት» ማለት ነው። ነጋዴው ይለምነኛል፣ ሹፌሩ ይሰድበኛል። ማታ የታክሲ ሰልፉን ችዬ መሪ ሰፈር ስደርስና የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ስወጣ፣ ምነው ቤቴ እንኳ ስለ እህል የሚያወራኝ ሰው ባይኖር እላለሁ። ግን አባቴ ገበሬ ነው።

ነበር ብል ይሻላል መሰለኝ። አሁን ፎቅ የቆመበት ሁሉ በልጅነቴ የጤፍና የስንዴ ማሳ ነበር፤ እኛም የዚያው ሰዎች ነን። ፎቁ እየገፋ እየገፋ መጣና ለአባቴ የቀረችለት ከአያት ሰፈር ወዲያ ወንዝ ዳር ያለች ቁራሽ የበቆሎ ማሳና አንዲት ላም ብቻ ናት። በእነሱ የሚኮራው ኩራት አይጣል ነው! ጠዋት ጠዋት ትኩስ ወተት በትንሽ ጀሪካን ይዞ፣ እያለከለከ አራተኛ ፎቅ ድረስ ይወጣል። እኔ ከወሊድ ወደ ሥራ ከተመለስኩ ወዲህ ልጄ ያደገችው በዚያ ወተት ነው፤ ገና ዓመቷ ነው። የሱቅ የላስቲክ ወተት እኛ ቤት ካየ «ላሟን ማን ያውቃታል? ምን እንደበላችስ?» እያለ ያላግጣል።

ዘንድሮ በቆሎው ሊሰበሰብ ሲል ያለወቅቱ ዝናብ ወረደ። አባቴም ሌባ ከሚወስደው፣ ዝናብ ከሚያበሰብሰው ብሎ በደንብ ሳይደርቅ ፈለፈለው፤ በማዳበሪያ ጆንያ ከትቶ አፉን ሰፋው። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ግማሽ ማዳበሪያ በጫንቃው ተሸክሞ መጣ። ለልጅቷ ገንፎ ነው አለኝ። ስፈታው ገና ሽታው ነገረኝ። እፍኝ ዘግኜ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት፤ ፍሬው ጫፍ ጫፉን አረንጓዴ ትቢያ የመሰለ ነገር ለብሷል።

«አባዬ፣ ይሄ ሻግቷል።»

«ታጥቦ ፀሐይ ቢመታው ይለቀዋል። አንቺስ በምን ያደግሽ መሰለሽ?»

«ሻጋታው ቢለቅም መርዙ አይለቅም። ቢታጠብም ቢቆላም እዚያው ነው። ጉበት ነው የሚጎዳው፤ ሕፃን ላይ ደግሞ ይብሳል። ለሰው አይሆንም።»

እንደ ነጋዴው ቢለምነኝ ወይ እንደ ሹፌሩ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «እሺ፣ ለሰው ካልሆነ አልሆነም» አለና ማዳበሪያውን መልሶ አሰረው። አንጀቴን በላው፤ ግን ምን ላድርግ? ተሸክሞት ወረደ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ጋደም አልኩ።

ሰንበትበት ብሎ አንድ እሁድ ጠዋት እንደ ልማዱ ወተቱን ይዞ መጣ። ፊቱ ፈክቷል። ልጄን ታፋው ላይ አስቀምጦ በኩባያ እያጠጣት «ጠጪ እናቴ፣ ጠጪ! ላማችን ሰሞኑን አምሮባታል። ያ በቆሎ እኮ ተስማማት» አለ።

ክው አልኩ። እኛ ቤት እህል መጣል ነውር ነው። ለሰው ያልሆነው የከብት ድርሻ ነው፤ እኔም ይህንኑ እያየሁ ነው ያደግኩት። አባቴ ያልኩትን ቃል በቃል ፈጸመ እንጂ ምን አጠፋ? ላም የበላችው መርዝ በወተቷ እንደሚመጣ ማን ነገረው? ፋብሪካ ውስጥ ለማያውቁኝ ሰዎች ስለፈልፍ እውላለሁ፤ ለእሱ ግን ሁለት ቃል መጨመር ታከተኝ።

ኩባያውን ከልጄ አፍ ነጠቅኩ። ልጅቷ ጮኸች። እንዴት አድርጌ እንደነገርኩት እንጃ፤ ብቻ ነገርኩት። ከዚያ ዐይኑ እያየ ጀሪካኑን ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት።

አባቴ ሲናደድ ኦሮምኛ ነው የሚቀናው። ጮኾ ይሰድበኛል፣ ወዲያው ደግሞ ይስቃል። ያን ቀን አልጮኸም። በአማርኛ፣ የወረዳ ሠራተኛ የሚያናግር ይመስል ቀስ ብሎ፣ «እንግዲህ ከእኔ ቤት የሚመጣ ሁሉ መርዝ ነው በይኛ» አለኝ። አይደለም ልለው ስል ባዶ ጀሪካኑን ይዞ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ለሥራ ስሰናዳ በሩ ተንኳኳ። እሱ ነው። ጀሪካኑን አልያዘም። እጁ ላይ የላስቲክ ወተት አለ፤ ከታች ካለው ሱቅ ነው የገዛው።

«ይሄን ስጪያት» አለኝ።

«ግባ እንጂ አባዬ፣ ቁርስ ብላ።»

አልገባም። የደረጃውን ብረት ይዞ ቀስ እያለ ሲወርድ ቆሜ አየሁት።

ወተቱን አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ ለልጄ ሰጠኋት። ላሟን አላውቃትም። ምን እንደበላችም አላውቅም።