የእሙሽ ቀለበትና የፈንጂ መፈለጊያው

ነገሌ ውስጥ እሙሽን የማያውቅ ወታደር አልነበረም። ከጦር ሰፈሩ በር ፊት ለፊት፣ በግቢዋ ውስጥ ባለች የቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ በእግር የምትዘወረዋን የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የረዘመ ሱሪ ታሳጥራለች፣ የተቀደደ ክርን ትጥፋለች፣ የወለቀ ማዕረግ ትሰፋለች። ከመንዝ ባሏን ተከትላ የመጣች ሴት ናት። ባሏ አስር አለቃ ቢረሳው ከመሐንዲስ ጦር ከተሰናበተ ወዲህ፣ ቤቱ ውስጥ የሚቀመሰው ሁሉ ከዚያች መኪና ነው የሚወጣው። ሰውየው ግን እንጀራው ከሰማይ የሚወርድለት ይመስል ጋቢውን ደርቦ ወሬ ሲለቅም ይውላል።

በስድሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ ሻኪሶ ላይ እፍኝ ሙሉ ወርቅ ስለዛቀ ሰው ሰማ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አፉ ከወርቅ ሌላ አያወራም። በዚያው ሰሞን የፊልቱው ነጋዴ ሀሺ ከቁራጭ ብረት ጋር የገዛቸውን ሁለት የፈንጂ መፈለጊያዎች በአህያ ጭኖ መጣ። ከጣሊያን ጦርነት የተረፉ፣ ረጅም እጀታና ጫፋቸው ላይ ሰፌድ የመሰለ ክብ ብረት ያላቸው ናቸው። አንደኛው ድምፁ ለስለስ ያለ ነው፤ ሌላው ይጮኻል።

እሙሽ ጉዱን የሰማችው ከባሏ አልነበረም። ሀሺ ወደ ጥላዋ ጠጋ ብሎ፣ «አካም እሙሽ፣ ናጋ?» ብሎ ሰላም አላት። «መኪናዋን ዛሬ ልውሰዳት ወይስ የያዝሽውን ሥራ ትጨርሻለሽ?»

«የት ነው የምትወስዳት?»

ሀሺ ደነገጠ። ለሚስቱ የስፌት መኪና ሲፈልግ ከርሞ፣ ቢረሳው የእሷን መኪና በአንዱ መፈለጊያ ሊለውጥለት ቃል ገብቶለት ኖሯል። የእሙሽ ደም ፈላ። መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ትታ ከጥላው ወጣች፤ ሀሺም ተከተላት።

ባሏ ግቢው መሐል አሮጌ ዶማ አጋድሞ፣ ሁለቱን መሣሪያ በየተራ እያሳለፈ ይመርጣል። ጯሂውን መርጧል።

«ስሚ እስቲ ድምፁን» አላት፣ ደስ ብሎት።

«ዶማ ልትፈልግበት ነው? ዶማማ ቤታችን አለ፤ የጠፋው የሚይዘው ነው።» ሌላ ቀን አንቱ የምትለውን ሰው ዛሬ አንተ አለችው።

«ፈንጂ ያገኘ ወርቅ አያቅተውም። ዕድሜዬን የሠራሁበትን ልታስተምሪኝ ነው?»

እሙሽ የጋብቻ ቀለበቷን ከጣቷ መዘዝ አደረገች። «ይኸው ወርቅ። እኔ እቀብረዋለሁ። ካገኘኸው መኪናዋ ትሂድ፤ ካላገኘኸው ሁለተኛ አትነካትም። ሀሺ፣ አንተ ምስክር ነህ።»

ሀሺ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱን ወንዶች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ አፈሩን በጣቷ ጫር ጫር አድርጋ ቀለበቱን ቀበረች።

ለስላሳው መሣሪያ በቀለበቱ ላይ ሁለት ጊዜ አለፈ፤ ትንፍሽ አላለም። የታንክ ፈንጂ ሊፈልግ የተሠራ ነገር ለአንዲት ቀጭን ቀለበት ምን ደንታ አለው? ጯሂው ደግሞ ገና ከመነሳቱ ጮኸ። ቢረሳው ቆፈረ፤ የጥይት ቀለህ። ጮኸ፤ ቆፈረ፤ የሰርዲን ቆርቆሮ። ጥላው አጠገብ ሲደርስ ጆሮ እስኪበሳ አንባረቀ። ቢረሳው ተንበርክኮ በእጁ አፈሩን ቢበረብር፣ እሙሽ ለዓመታት የጣለችው ስብርባሪ መርፌ ጣቱን ወጋው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግቢው ከርከሮ የዋለበት እርሻ መስሏል።

«ጥፋቱ የመሬቱ ነው» አለ ቢረሳው ጣቱን እየመጠጠ። «ይህ ግቢ ብረት በልቷል። የሻኪሶ አፈር ንጹሕ ነው። ሀሺ፣ መኪናዋን ጫን።»

እሙሽ መኪናዋ ፊት ሄዳ ቆመች።

«አስር አለቃ፣ ምስክር ነኝ ብያለሁ» አለ ሀሺ። ሁለቱንም መሣሪያ አህያው ላይ መልሶ ጭኖ ሄደ።

ያኔ ቀለበቱን ወደቀበረችበት ብትዞር፣ ቦታው ተቆፍሮ አፈሩ ከሌላው ጋር ተደባልቋል። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» አለች። «በል ቆፍር። ቀለበቴን አምጣ።»

ቢረሳው ዶማውን አነሳ። በዚያው ቅጽበት ከአፈሩ ክምር ግርጌ አንድ ነገር ብልጭ አለ። ያየችው እሷ ብቻ ናት። ጎንበስ ብላ ልታነሳው ትችል ነበር። ረገጠችው። ጀርባውን ሲሰጣት አንስታ በመቀነቷ ቋጠረችው።

የፈለገችው አንድ ነገር ነበር። «ሳልጠይቅሽ መኪናሽን መስጠቴ ጥፋት ነው» ቢላት፣ ያን ጊዜውኑ ቀለበቱን ታጠልቀው ነበር። ስትሰፋ ዶማው ከግቢው መሐል ይሰማታል፤ እያንዳንዱን ምት ትጠብቃለች፣ ከምቱ በኋላ ደግሞ ቃሉን።

በማግስቱ ቢረሳው ላቡን እየጠረገ ወደ ጥላው መጣና ውሃ ለመናት። እግሯን ከመርገጫው አንስታ በጣሳ ቀድታ ሰጠችው። ጠጥቶ ጨረሰና አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ታውቂያለሽ፣ እሙሽ» አለ።

እጇ መቀነቷ ላይ አረፈ።

«ያንን ጯሂውን ነው መያዝ የነበረብን።»

እሙሽ ጣሳውን ተቀበለችው። «በአጥሩ በኩል ገና አልቆፈርክም» አለችው።