ለወንድሙ ያጠራው ደም

ይህ ያጋጠመኝ ባለፈው ዓመት ነው፤ ሐጅ አልቆ ሕዝቡ ወደየአገሩ ተመልሶ መካ ጭር ያለችበት ወቅት። ጅዳ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል በነርስነት እሠራለሁ። በሥራዬ ብዙ ሞት አይቻለሁ፤ ቤቴ ስገባ የሥራውን ነገር እዚያው መተው ለምጃለሁ። ይኼኛውን ግን መተው አቃተኝ።

የምሠራው ከጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ለበሽተኛ የሚሆነው ሴል ብቻ ተለይቶ በሚወጣበት ክፍል ነው። ሰጪው አልጋ ላይ ይተኛል። ደሙ በአንድ ክንዱ ወጥቶ ማሽን ውስጥ ይሽከረከራል፤ የምንፈልገው ሴል ከረጢት ውስጥ ይቀርና የተረፈው በሌላኛው ክንዱ ወደ ራሱ ይመለሳል። የደም ካንሰር ያለበት ሰው የታመመ መቅኔው በከባድ መድኃኒት ይጠፋል፤ በምትኩ ከሌላ ሰው የተወሰደው ሴል ይሰጠውና አዲስ ደም መሥራት ይጀምራል። ከተሳካ ማለቴ ነው።

ጀማል የወሎ ሰው ነው፤ ጅዳ ውስጥ በአንድ የሳዑዲ ቤተሰብ ዘንድ ለዓመታት ሾፌር ነበር። ሲታመም ካፊሉ፣ ያስመጣው አሠሪው፣ እንደ ሌሎቹ ቲኬት ቆርጦ ወደ አገሩ አልሸኘውም፤ እግዚአብሔር ይስጠው፣ የሕክምናውን ወጪ ችሎ አሳከመው። ሴሉን የሚሰጠው ታናሽ ወንድሙ ሰኢድ ነበር። ሰኢድ መካ፣ ዓዚዚያ ሰፈር፣ ሐጃጆች የሚያርፉባቸውን ሕንፃዎች የሚያጸዳ ጎልማሳ ነው። ሲመረመር ሴሉ ከጀማል ጋር ፍጹም የሚስማማ ሆነ። ዶክተሮቹ እንደዚያ ደስ ሲላቸው አይቼ አላውቅም።

ሀበሻ ሲመጣ የትም ክፍል ብሆን ለማስተርጎም የምጠራው እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ይሰለቸኛል። ሰኢድ ግን አላሰለቸኝም። ማሽኑን ሳሳየው ዙሪያውን ዞሮ አየና፦

«መናጥ ነዋ ሲስተር! ቅቤው ለጀማል፣ አሬራው ለኔ» አለኝ።

ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ ለሌሎችም እንደሱ እያልኩ ነው የማስረዳው።

ሴሎቹ ከመቅኔ ወጥተው ወደ ደም እንዲመጡ ሰጪው ለተከታታይ ቀናት መርፌ ይወጋል። መርፌው አጥንት ያሳምማል። ሰኢድ በነዚያ ቀናት እዚሁ ጅዳ፣ ሂንዳዊያ ሰፈር፣ የአገሩ ልጆች ቤት አርፎ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ይወጋ ነበር። አንድም ቀን አመመኝ አላለም። በዚያው ጊዜ ጀማል ለብቻው ክፍል ገብቶ ከባዱን መድኃኒት ጀምሯል። ያ መድኃኒት አንዴ ከተጀመረ መመለሻ የለውም። የራሱ ደም ይጠፋል፤ የወንድሙ ሴል ቶሎ ካልደረሰለት ጉንፋን እንኳ ይገድለዋል። ይህንን ለሰኢድ በአማርኛም በዓረብኛም ነግሬዋለሁ፤ ገብቶታል።

ሴሉ የሚወሰድበት ቀን ሰኢድ ታጥቦ፣ ነጭ ልብስ ለብሶ መጣ። አልጋው ላይ ተኛ ስለው በጎኑ ተጋደመ። በጀርባህ ተኛ ስለው ፊቱ ተጨማደደ። እጄን ግንባሩ ላይ ሳደርግ ያቃጥላል። ሸሚዙን ገለጥኩ። ጀርባው በክብ በክብ ተበጥቶ፣ ቀልቶ አብጧል፤ አንዱ ቁስል እዥ ይዟል።

«ምንድን ነው ይሄ ሰኢድ?»

«ዋግምት ነው። ሂንዳዊያ አንድ የኛ አገር ሰውዬ አለ፣ ታገምኩ።»

«አሁን? በዚህ ሰዓት? ለምን?»

«ስንት ዓመት ሙሉ የክሎር ጭስና አቧራ ስስብ ነው የኖርኩት ሲስተር። ያንን ሁሉ ቆሻሻ ደም ለወንድሜ ልስጠው? መጥፎው ይውጣና ጥሩው ይግባለት ብዬ ነዋ። ወላሂ ለራሴ ቢሆን አላደርገውም፤ ምላጭ ሳይ ያዞረኛል።»

ዋግምትን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም፤ አባቴም ይታገም ነበር። የሰውዬው ምላጭ ግን ንጹሕ አልነበረም። ዶክተሩ መጥቶ አየ፣ ደሙም ተመረመረ። ተህዋስ ደሙ ውስጥ ገብቷል። ከዚህ ሰው አሁን ሴል ብንወስድ መከላከያ ለሌለው በሽተኛ ተህዋስ መስጠት ነው ተባለ። መጀመሪያ ሰኢድ ራሱ መታከም አለበት።

ይህንን ለሰኢድ የነገርኩት እኔ ነኝ። አልጮኸም፣ አላለቀሰም። «ጀማል መድኃኒቱን ጀምሯል አይደል?» ብቻ አለኝ። አዎ አልኩት። ከዚያ ሸሚዙን መልበስ አቅቶት እጅጌውን ሲፈልግ አንጀቴን በላው።

ሌላ ሰጪ ተፈለገ። እህታቸው ወሎ ናት፤ ፓስፖርት የላትም። ቪዛው፣ ምርመራው፣ ጉዞው ሲታሰብ የማይደረስበት ነገር ነበር። ሰኢድ በመድኃኒት እስኪድን ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ አልነበረም።

ጀማል ነገሩ መዘግየቱን አወቀ። ልጠይቀው ክፍሉ ስገባ «እውነቱን ንገሪኝ» አለኝ፤ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። ከንፈሩ ቆስሎ እንኳ ፈገግ አለ።

«አይ ሰኢድ! እናታችን ታማ ውሃ ቅዳላት ሲባል የቅርቡ ምንጭ ደፍርሷል ብሎ ማዶ ወንዝ ድረስ ወርዶ የዋለ ሰው ነው። እሷም ውሃ እንደጠማት ዋለች» አለ። ቀጥሎ ሳቁን ትቶ እጄን ያዘ። «ሲስተር፣ ቀኔ ከደረሰ ዋግምቱ ገደለው ብሎ እንዳያስብ። ቀኑ ነው በይልኝ። አደራ።»

ተው አንተ ትድናለህ፣ ምናምን አልኩት። እጄን ግን አለቀቀም፤ «አደራ» አለኝ ደግሞ። እሺ አልኩ።

የሰኢድ ትኩሳት ወርዶ ዶክተሮቹ ሲፈቅዱ ሴሉን ወሰድን። ያን ቀን ማሽኑ አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ከረጢቱ ቀስ እያለ ሲሞላ ሰኢድ ዓይኑን አልነቀለም። ስለ ቅቤውም ስለ አሬራውም አልቀለደም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ዱዓ እያደረገ ነበር። ሴሉ በዚያው ዕለት ለጀማል ተሰጠው።

ግን ጀማል ቀድሞ ሳል ጀምሮት ነበር። ሳንባው ተያዘ። ለጥቂት ቀን ደህና መሰለ፣ መልሶ ከፋበት። ያረፈ ዕለት ጠዋት የተወሰደው ደም ውጤት የመጣው ከሞተ በኋላ ነው። አየሁት። ጠፍተው የነበሩት ነጭ ሴሎች መታየት ጀምረዋል። የሰኢድ ሴሎች ናቸው፤ ቦታቸውን አግኝተው ሥራ ጀምረዋል። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ካፊሉ መካ ወስዶ አስቀበረው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ መካ መግባት አይፈቀድልኝም። ስለዚህ ለቀብርም ለለቅሶም አልደረስኩም። ሰኢድ ራሱ የወንድሙን ዕቃ ሊወስድ ሲመጣ ነው እግዜር ያጽናህ ያልኩት። በር ላይ ቆሞ፦

«የኔ ሴል ሠርቶለት ነበር?» አለኝ።

«ጀምሮ ነበር። ከደሙ ውስጥ አይተነዋል።»

ፊቱ በራ። «ሀምዱሊላህ» አለ፣ ደጋግሞ። የወንድሙን ልብስ አቅፎ «እንግዲያው የኔን ደም ይዞ ሄዷል» አለና አለቀሰ። ልቅሶው የቀለለው ሰው ልቅሶ ነበር። እኔ የማውቀው ሌላው ግማሽ፣ ያ ሴል ጥቂት ቀን ቀድሞ ቢገባ ኖሮ የሚለው፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። ዶክተሩ በጊዜው ቢሰጠውም ላይተርፍ ይችል ነበር ብሎኛል። እውነት ሊሆን ይችላል። እኔን ግን አላጽናናኝም።

አሁን ሰጪዎች ሲመጡ ከመርፌው በፊት ዋግምት እንዳይታገሙ በግልጽ እንነግራቸዋለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። አብዛኞቹ «ማን እንዲህ ያደርጋል?» ብለው ይስቃሉ። አብሬያቸው መሳቅ ያቅተኛል።

ሰኢድ አልፎ አልፎ ጁምዓ ከሰገደ በኋላ ከመካ ይደውልልኛል። ለጀማል ዱዓ አደረግኩ፣ ላንቺም አደረግኩ ይለኛል። በቀደም ሲደውል ግን ሰላምታውን አሳጠረ።

«ሲስተር፣ ሴሌ ቀደም ብሎ ቢደርስለት ይተርፍ ነበር አይደል?» አለኝ።

«ቀኑ ነው ሰኢድ። ቀኑ ደርሶ ነው» አልኩት። ትንፋሼ እንዳይሰማው ስልኩን ከአፌ ራቅ አደረግኩ።

ከጀርባው የመኪና ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ በለሆሳስ «እሺ ሲስተር፣ አንቺ ካልሽ» ብሎ ዘጋው።

አምኖኝ ይሁን መደበቄን አውቆ አዝኖልኝ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።